የላዳዋ ውሃ ወዴት ይሄድ ነበር?

ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ፣ የመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ወደ መርካቶ አቅጣጫ የሚያዘግም መንገደኛ፣ ብዙ ሳይርቅ አትክልት ተራ ከሚባለው ስፍራ ይደርሳል። ስሙን እንጂ ግብሩን ግን ዛሬ በዚያ አያገኘውም። በአባቶቻችንም በእኛም ዕድሜ የአዲስ አበባ ወጥ የሚጀመረው ከዚህ ስፍራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከመቂና ከዝዋይ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ከላይኛው አዋሽ ብርቱካን፣ ከሆለታ ድንች የጫኑ መኪናዎች ሌሊት ሌሊት ይገቡ ነበር፤ ተሸካሚዎችም ጆንያውን በጫንቃቸው አድርገው «መንገድ! መንገድ!» እያሉ በጭቃው መካከል ይመላለሱ ነበር። የኪዳን ደወል ሲሰማ ጅምላው ተገባዶ ቸርቻሪዎች ዘንቢላቸውን አንሥተው ወደየመንደራቸው ይበተናሉ።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ ሕዝቡ በአንድ ቦታ እንዳይጨናነቅ ተብሎ ይህ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ጃን ሜዳ ደግሞ ታቦታት የሚያርፉበት የጥምቀት ሜዳ ስለ ሆነ፣ የ2013 ዓ.ም. በዓለ ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው እንደ ገና ተነሥቶ ከከተማው በስተደቡብ ኃይሌ ጋርመንት ወደሚባለው አካባቢ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. የዐድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ፣ በኮሪደር ልማትም ምክንያት ብዙዎቹ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ፣ የአካባቢው መልክ ራሱ ተለውጧል። ገበያ ሲዛወር ስለ ነጋዴው ኪሳራና ስለ ሸማቹ ድካም ብዙ ይነገራል። እኛ ግን የምንተርከው፣ ገበያው በመራቁ ምክንያት የተሰወረ ሕመሟ ስለ ተገለጠባት ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ነው።

የመኪናዋ ባለቤት የሰንበቴ ማኅበርተኛችን የሆኑ አንድ አረጋዊ ናቸው። ከባለቤታቸው ጋር ከጊዮርጊስ በስተሰሜን ባለው መንደር የአትክልት መሸጫ ሱቅ አላቸው። ሱቋ ጠባብ ብትሆንም ሦስት ልጆች ያስተማረች ናት። የዓመቱ ትልቅ ገበያዋም ዐቢይ ጾም ነው። በእነዚያ 55 ቀናት ሥጋና ቅቤ ከቤት ወጥቶ ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ ጎመኑና ቃሪያው ስለሚገባ፣ በጾም ያልሸጠ ባለሱቅ የክረምቱን ወራት አንገቱን ደፍቶ ያሳልፋል። የ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 17 ቀን ነበር። በጥር ወር መጨረሻ ላይ ግን መኪናዋ ታመመች፤ ለሽንኩርት መግዣ የተቀመጠው ገንዘብም ለመካኒክ ሊሰጥ ሆነ።

መኪናዋ ላዳ ናት። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ገብታ ሰማያዊና ነጭ ለብሳ በታክሲነት አርጅታለች፤ ዛሬ የኋላ ወንበሯ ወልቆ የሱቁን ዕቃ ታመላልሳለች። ትውልዷ ግን ከኢጣልያ ነው። ፊያት 124 የተባለችው መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ከወጣች በኋላ፣ ሩስያውያን ፈቃድ ወስደው ከ1970 ጀምሮ በቮልጋ ወንዝ ዳር በቶልያቲ ከተማ አበጇት። የከተማይቱም ስም የተወሰደው ከኢጣልያው የኮሙኒስት ፓርቲ መሪ ከፓልሚሮ ቶልያቲ ነው። ሩስያውያን የኢጣልያይቱን መኪና ለበረዶ አገር ሲያዘጋጁ ብርቱ የቤት ውስጥ ማሞቂያ አደረጉላት። ይህ ማሞቂያ ከሞተሩ የሞቀ ውሃ በሁለት ቱቦ እየተቀበለ ከሾፌሩ ፊት ለፊት ካለው ሰሌዳ በታች የተቀመጠ ትንሽ ራዲያተር ነው፤ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋ ቧንቧም አለው። በአዲስ አበባ ይህን ቧንቧ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የሚነካው ሰው ጥቂት ነው።

ይህች መኪና በአሮጌው ዘመን ከሱቁ እስከ አትክልት ተራ ደርሳ ለመመለስ ሩብ ሰዓት አይፈጅባትም ነበር። ሞተሩ ሞቅ ሲል ጉዞው ያልቃል። አሁን ግን ከጎሕ በፊት ተነሥታ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወርዳ፣ በሜክሲኮ አደባባይ አልፋ፣ በሳር ቤት በኩል ወደ ደቡብ ትሄዳለች። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ደቡብ እያዘቀዘቀች የምትሄድ ከተማ ስለ ሆነች፣ ባዶዋ መኪና በውረድ ትሄዳለች፤ የተጫነችው በዳገት ትመለሳለች። ይህ ከሁሉ የከፋ አሠራር ነው። እኛም ከእሳቸው ጋር አንድ ዓርብ ጠዋት አብረን ሄደን አይተናል። በኃይሌ ጋርመንት ቲማቲሙ በሳጥን፣ ጥቅል ጎመኑ ጠል እንደ ያዘ በጆንያ ተጫነ፤ ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበርና በእግር መረገጫውም ላይ ቆስጣና ሰላጣ ተደረደረ። እስከ ሜክሲኮ ድረስ ምንም አልነበረም። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣውን የቸርችልን ዳገት እኩሌታ ስንጨርስ የሙቀቱ መለኪያ መርፌ ወደ ቀዩ መሥመር ዘለቀ፤ ከኮፋኖው ሥርም እንፋሎት ወጣ። ባለቤቱ ዳር ይዘው አቆሙና ጀሪካናቸውን አወረዱ። ዓባይ በረሃን ወርደው የሚወጡ የጎጃም መንገድ ሾፌሮች ውሃ እንደሚይዙ፣ እሳቸውም በፒያሳ ዳገት ላይ ውሃ ይዘው ይሄዱ ጀምረው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ውሃ መፍላት ጥቂት ልንናገር ግድ ይሆናል። በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠችና በከፍታው መጠን የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ፣ በአራዳ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እናቶቻችን «ሽምብራው በደጋ አይበስልም» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ድስቱ ቢንተከተከም ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። የመኪና ሞተር ደግሞ በደኅና ጊዜው የሚሠራው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን በሞላ ተጨቁኖ እንዲዘጋ ተደርጓል። ውሃው ሲሞቅ እየሰፋ ግፊት ይፈጥራል፤ ክዳኑም በላዳ እስከ ግማሽ አትሞስፌር ያህል ግፊት አምቆ ይይዛል። በዚህ ግፊት ውሃው እዚሁ አራዳ ላይ እስከ 106 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ከውሃው መንገድ አንድ ቦታ እንደ መርፌ ቀዳዳ ብትከፈት ግን ግፊቱ ይበናል፤ ውሃውም ወደ 92 ዲግሪው ሕጉ ይመለሳል። የሚያንጠባጥብ መኪና ከጅቡቲ ይልቅ በአዲስ አበባ ቶሎ የሚፈላው በዚህ ምክንያት ነው። በነገራችን ላይ፣ የከተማችን ሰው ብዙ የወደዳት ቮልስ ዋገን ኤሊ መሳይዋ ይህ ጣጣ የለባትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ እንጂ ውሃ አይደለምና።

ባለቤቱ ከዚያ ቀደም ሦስት ጋራዥ ዞረዋል። ስማቸውን ማንሣት አያስፈልግም። አንደኛው ራዲያተሩን አውርዶ በስታኞ በየደው፤ ሁለተኛው የውሃውን ፓምፕ ለወጠ፤ ሦስተኛው «ቴስታታው ይውረድ» አለ። ቴስታታ ማለት የሞተሩ ራስ ነው። በራሱና በአካሉ መካከል ያለችው ጓርኒሲዮን ከተበላች ውሃው ወደ ሲሊንደሩ እየገባ በጭስ ማውጫው ይተናል፤ ስለዚህ በመሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ ውሃ ይጠፋል። ነገሩ በእውነት የሚያጋጥም ነው። ይሁን እንጂ ሞተር ከፍቶ ራሱን ማስላጥና መልሶ መግጠም የጾሙን የሽንኩርት ገንዘብ በሙሉ የሚወስድ ነበር። እመቤቲቱም «እንግዲህ ለቁራሌው ትሰጥ» እስከ ማለት ደርሰው ነበር። መለወጥም ቀላል አልነበረም፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለችውን አሮጌ ጠብቆ ከመያዝ በቀር የብዙ ቤተ ሰብ ዐቅም የሚፈቅደው ነገር የለም።

እኛ መካኒክ አይደለንም፤ ዳሩ ግን ማስተማር ሥራችን ስለ ሆነ መጻፍና መመዝገብ እናውቃለን። አንድ የተማሪ ደብተር ሰጠናቸውና ሁልጊዜ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ምን ያህል ውሃ እንደ ጨመሩ፣ በዋዜማውም መኪናዋ የት ውላ እንደ መጣች እንዲጽፉ ለመንናቸው። በአሥር ቀን ውስጥ ደብተሩ መናገር ጀመረ። እሑድ ለቅዳሴ ስትቆም ምንም አይጎድልም። በአራዳ ውስጥ ብቻ ስትመላለስ ከአንድ የቡና ስኒ አይበልጥም። ማክሰኞና ዓርብ ከኃይሌ ጋርመንት ስትመለስ ግን ከአንድ ሊትር በላይ ትጠጣለች። እንግዲህ ውሃው የሚጠፋው በጊዜ ብዛት አይደለም፤ በሙቀትና በግፊት ነው። ቀዳዳይቱ ቀድሞም ነበረች፤ አጭሩ መንገድ ሸሽጓት ኖረ።

ይህን ደብተር ይዘን ከአትክልት ተራ ብዙ ወደማይርቀው ወደ ሶማሌ ተራ ሄድን። ሶማሌ ተራ የአሮጌ መኪና ዕቃ የሚገኝበት ሰፊ መንደር ነው። አንዱ በር የመብራት ብቻ፣ አንዱ የመሪ ብቻ፣ ሌላው ስሙን የማናውቀው ጥርሳም ብረት ብቻ ተሰቅሎበት ይታያል። በዚያ ጆሮ ለሰጠ ሰው የሚሰማው ቋንቋ እኩሌታው የኢጣልያ ነው፤ ቱቦው ማኒኮቶ፣ ማሰሪያው ፋሸታ፣ መፍቻው ካቻቢቴ ይባላል። ወራሪው በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ፒያሳና መርካቶ የሚሉትን ስሞች ትቶልን እንደ ሄደ ሁሉ ይህንንም ትቶ ሄዷል። የግዕዙን ቃል የአብነት ተማሪ ከመምህሩ አፍ እንደሚቀበል፣ ይህንንም ረዳቱ ከመካኒኩ አፍ እየተቀበለ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ላዳም ለዚህ ቋንቋ ባዕድ አይደለችም፤ ዘሯን አስቀድመን ተናግረናል።

በዚያ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አገኘን። ደብተሩን መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። «መምህር፣ ከእኔ ዘንድ ታሪኩ ተጽፎ የመጣ በሽተኛ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያም ወደ ባለቤቱ ዘወር ብለው «ወንድሜ፣ ቴስታታውን ከመክፈትዎ በፊት ሳይከፈት የሚታየውን እንይ» አሏቸው።

የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተው በጣታቸው መካከል አሹት፤ ውሃ የገባበት ዘይት ወተት ይመስላል፤ ይህ ግን ጥቁርና ንጹሕ ነበር። የቀዘቀዘውን ራዲያተር ከፍተው ሞተሩን አስነሡ፤ ጓርኒሲዮን የተበላ እንደ ሆነ ከሲሊንደሩ የሚያመልጠው ጋዝ በራዲያተሩ አፍ አረፋ እያወጣ ይንቦጫቦጫል። አረፋ አልታየም። አራቱን ካንዴላዎች አወለቁ፤ ውሃ የሚገባበት ሲሊንደር ካንዴላው ታጥቦ ይነጣል። አራቱም አንድ ዓይነት ቡናማ ነበሩ። «ሞተሩ ጤነኛ ነው» አሉ።

ቀጥሎ ያመጡት የግፊት መለኪያ ያለበት የእጅ ፓምፕ ነው። በራዲያተሩ አፍ ላይ በክዳኑ ፈንታ ገጥመው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ አየር እየነፉ መርፌውን ወደ ግማሽ አትሞስፌር አደረሱት። የዚህ መሣሪያ ጥቅሙ፣ መኪናዋ የቸርችልን ዳገት ስትወጣ የሚኖረውን ግፊት ያለ ሙቀት ማምጣቱ ነው። ሞተሩ ሲግል ትንሽ ጠብታ ብረቱ ላይ ወድቃ ወዲያው ትተናለች፤ ስለዚህ ዐይን አያያትም። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ግን የወጣችው ጠብታ ባለችበት ትቆያለች። መርፌው ቀስ በቀስ ሲወርድ አየነው። ከመኪናዋ ሥር ካርቶን አንጥፈን ብንጠብቅ አንዲት ነጠብጣብ አልወረደችም። መካኒኩ በመስተዋትና በባትሪ መብራት የፓምፑን ሥር፣ የፋሸታዎቹን ዙሪያ፣ ከሞተሩ ጎን ያሉትን ክብ የብረት ውታፎች ሁሉ መረመሩ። ሁሉም ደረቅ ነው። መርፌው ግን ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ ያደረጉትን እኛ እስከ ዛሬ እናደንቃለን። ወደ ማሞቂያው የሚገቡትን ሁለቱን ማኒኮቶዎች ጎማው እንዳይቆረጥ በጨርቅ ጠቅልለው በፒንሳ ቆንጥጠው ዘጉና ፓምፑን እንደ ገና ነፉ። መርፌው ቆመ። አምስት ደቂቃ ጠበቅን፤ አልተነቃነቀም። ፒንሳውን ሲለቁት ወረደ፤ መልሰው ሲቆነጥጡት ቆመ። ውሃው የሚጠፋው ከሞተሩ ዘንድ አልነበረም፤ ሰው ከሚቀመጥበት ከመኪናዋ ሆድ ውስጥ ነበር።

ባለቤቱ አላመኑም። «ውስጥማ ውሃ ቢፈስ አናየውም ነበርን?» አሉ። ያዩት ነበር። ከሾፌሩ ጎን ያለው ምንጣፍ ዘወትር እርጥብ ነው፤ በማለዳም የፊት መስተዋቱ ከውስጥ በኩል ጉም ይለብሳል። ነገር ግን በዚያ ስፍራ ሁልጊዜ የሚጫነው ጠል የያዘ ቆስጣና ሰላጣ ስለ ሆነ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ እርጥበቱን የጎመን ውሃ ነው ብሎ ትቶታል። በቅኔ ቤት ሰሙን ሰምተው ወርቁን ያላገኙ ሰዎች የሚሆኑት እንዲህ ነው፤ ጎመኑ ሰም ነበር። መካኒኩ ላይኛውን ጎማ ገልጠው ከሥሩ ያለውን ወፍራም ምንጣፍ ሲጨምቁት የዛገ ቡናማ ውሃ ወረደ። ጎመን ዝገት የለውም። እጃቸውን ከሰሌዳው በታች አግብተው የማሞቂያውን ቧንቧ ዳሰሱና ጣታቸውን አሳዩን፤ ነጭና አረንጓዴ ቅርፊት ይዞ ወጣ። ውሃ ለብዙ ወራት እየወጣ የደረቀበት የነሐስ ዕቃ ምልክቱ ይህ ነው።

የቧንቧዋም ታሪክ ኋላ ተገኘ። ባለፈው ክረምት የባለቤቱ ልጅ መስተዋቱ ጉም ሲለብስበት ማሞቂያውን ለመክፈት መዝጊያውን በኀይል አዙሮት ነበር። ለዓመታት ሳይነካ ድንጋይ መስሎ የተጣበቀው ደለል ሲላቀቅ በውስጥ ያለችው ጎማ ተቀደደች። መኪናዋ ሲበርዳት ቀዳዳይቱ ትገጥማለች፤ ሲሞቃትና ግፊቱ ሲመጣ ትከፈታለች።

መካኒኩ ሁለት መንገድ አቀረቡ። አንደኛው፣ ሁለቱን ማኒኮቶዎች እርስ በርስ አገናኝቶ ማሞቂያውን ጨርሶ መተው ነው፤ ርካሽ ነው፤ በከተማችንም ብዙዎች አድርገውታል። ሁለተኛው ቧንቧውን መለወጥ ነው። ባለቤቱ ወደ ርካሹ አዘነበሉ። በስልክ የተጠየቁት እመቤት ግን «ክረምት ሲመጣስ? በሌሊት ጉም በለበሰ መስተዋት ልትነዳ ነው?» አሉ፤ ነገሩም በዚያው ተቆረጠ። ቧንቧውን ፍለጋ በሶማሌ ተራ ስድስት ሱቅ ዞርን። አንደኛው ከወደቀች ላዳ የተፈታ አሮጌ አቀረበልን፤ ጎማው ከእኛው የባሰ ነበር። በመጨረሻ አንድ የመን መሰል ጠባብ ኮሪደር ውስጥ፣ በሩስያ ፊደል የተጻፈበት ወረቀት እንደ ተጠቀለለ፣ ያልተነካ ቧንቧ ተገኘ። ዋጋው ቴስታታ ለማውረድ ከተጠየቀው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።

ውሃውን መልሰው ሲሞሉ መካኒኩ የቧንቧ ውሃ ብቻ አላደረጉበትም፤ ዝገት የሚከለክለውን አረንጓዴ ፈሳሽ ቀላቀሉበት። በከተማችን ውሃ የሚረጋበት ብርድ እምብዛም ባይኖርም፣ የላዳ ሞተር አካሉ ብረት ራሱ አሉሚኒየም ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ማዕድኖች በተራ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ መበላላት ይጀምራሉ፤ የዛገውም ደለል ቧንቧ የሚያጣብቀው ነው። ራዲያተር ሲያንጠባጥብ የእንቁላል ነጭ ወይም ቁንዶ በርበሬ መጨመር በብዙ አገር የታወቀ የመንገድ ላይ መላ ነው፤ ቤት ለመድረስ ይረዳ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያንኑ ደለል ያበዛል። ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ ወላጆች ግን አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። አረንጓዴው ፈሳሽ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን ኩላሊት የሚገድል መርዝ ነው። የተረፈውን በለስላሳ ጠርሙስ አድርጎ በቤት ማስቀመጥ፣ የፈሰሰውንም ልጆችና ውሾች በሚደርሱበት መተው ታላቅ አደጋ ያመጣል። የጋለ ራዲያተር ክዳንም በማንም እጅ አይከፈት፤ ታፍኖ የቆየው ውሃ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል።

የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅበላው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ መኪናዋ ከኃይሌ ጋርመንት ሽንኩርትና ድንች እስከ ጣሪያዋ ጭና ተመለሰች። በቸርችል ዳገት ላይ መርፌው ከመካከሉ አልተነቃነቀም፤ ጀሪካኑም ሳይከፈት ሱቁ ደረሰ። በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት በደብተሩ ላይ ባለቤቱ በእርሳስ የጻፉት «ምንም» የሚል ነው። ምንጣፉ ግን በፀሐይ ተሰጥቶ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ፈጀ።